ዳኛው የጠዋቱ እርምጃ ነው፦ ተረከዙን ለታመመ ሯጭ

ክረምቱ ሲወጣ የአዲስ አበባ መንገዶች በሯጭ ይሞላሉ። ሐምሌንና ነሐሴን በዝናብ ሰበብ ቤቱ የከረመ ሰው መስከረም ሲጠባ ጫማውን አራግፎ ይወጣል። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ አለና ይቸኩላል። በመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎ ሜትር፣ በሁለተኛው 6፣ በሦስተኛው ከጓደኞቹ ጋር እንጦጦ። ጥቅምት ሲጋመስ ያው ሰው ከአልጋው ወርዶ ግድግዳ እየያዘ፣ በእግሩ ጠርዝ እያነከሰ ወደ መታጠቢያ ቤት ይሄዳል። ተረከዙ ሥር ሚስማር የተሰካ ይመስለዋል። ጥቂት ከተንቀሳቀሰ በኋላ ስለሚለቀው «ሲሞቅ ይተወኛል» ብሎ ይሮጣል። በማግስቱ ይብስበታል።

ይህ መመሪያ ለእሱ የተጻፈ ነው። ባጭሩ የምለው፦ የተረከዝ ህመም ጨርሶ በመተኛትም፣ ጥርስ ነክሶ በመሮጥም አይድንም፤ የሚያድነው ተመጥኖ የሚጨመር ሥራ ነው። ሥራው ልክ መሆኑን የሚነግርዎ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት የሚረግጡት የመጀመሪያ እርምጃ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ የስልክዎ ማስታወሻ ላይ አንድ መዝገብ ይክፈቱ። በየጠዋቱ ከአልጋ ሲወርዱ የተሰማዎትን ህመም ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጡትና ይጻፉ፤ ምንም ካልተሰማዎት 0፣ መርገጥ ካቃትዎ 10። ከዚህ በኋላ የምነግርዎ ሁሉ በዚያ ቁጥር ላይ የቆመ ነው።

ቦታውን በጣትዎ ይፈልጉ

ወንበር ላይ ተቀምጠው የታመመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ ያስቀምጡ። በአውራ ጣትዎ ጫን ጫን እያሉ ውስጥ እግርዎን ይዳስሱ።

ህመሙ ከተረከዝ ሥር ሆኖ ወደ ሌላኛው እግር በሚያየው ጎን፣ የእግር ቅስት በሚጀምርበት አካባቢ ከሆነ፣ ጠዋትና ብዙ ተቀምጠው ሲነሱ የሚብስም ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሞች ፕላንታር ፋሺያይቲስ የሚሉት ነው። ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋ ወፍራም ጅማት አለ፤ ስንራመድና ስንሮጥ ቅስቱን ወጥሮ የሚይዘው እሱ ነው። ከለመደው በላይ ሲደጋገምበት መነሻው ላይ ይጎዳል። ሌሊቱን እግር ዘንበል ብሎ ስለሚያድር ጅማቱ ላልቶና አጥሮ ይቆያል፤ ጠዋት በሙሉ ክብደታችን ስንቆምበት በአንድ ጊዜ ይለጠጣል። የጠዋቱ ህመም ከዚያ ይመጣል።

ህመሙ ተረከዙ መሐል ላይ ከሆነ፣ ጫማ አውልቀው ሴራሚክ ሲረግጡ እንደ በለዘ ቦታ የሚያም ከሆነ፣ የተጎዳው ከአጥንቱ ሥር ያለው የስብ ትራስ ሊሆን ይችላል። ይህ መሳሳብና መለጠጥ ብዙም አይጠቅመውም፤ የሚፈልገው ለስላሳ ጫማና ጥቂት ሳምንታት ነው። ማቃጠል፣ መደንዘዝ ወይም መውረር ካለው ነርቭ ይጠረጠራል።

ከተረከዝ በስተኋላ፣ ጫማው በሚነካበት ቦታ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ የሚያም ደግሞ የአኪለስ ጅማት ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሰከንዶች ቀድሞ ሲያሸንፍ ይህ ጅማቱ ታሞበት ነበር፤ ከውድድሩ በኋላ ቀዶ ሕክምና አድርጓል። ጅማት ለሻምፒዮንም ለጀማሪም አያዳላም። ሥራው ከዚህ በታች ከማስረዳው ጋር ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ ህመሙ ጅማቱ ከአጥንት በሚገናኝበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከሆነ መልመጃውን ደረጃ ላይ ሳይሆን ወለል ላይ መሥራት ነው። ተረከዝን ከደረጃ በታች ማውረድ ያንን ቦታ ያስቆጣዋል።

አንድ ሙከራ ይጨምሩ። ተረከዝዎን ከግራና ከቀኝ በሁለት መዳፍ ጨምቀው ይያዙት። በጣም ካመመዎት፣ በተለይም ህመሙ በእንቅስቃሴ የማይለቅ፣ እንዲያውም በሮጡ ቁጥር የሚጨምርና ሌሊት የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ አጥንቱ በድግግሞሽ ብዛት ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ሩጫውን ዛሬ ያቁሙና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ይህ በመልመጃ የሚታለፍ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተራ ራጅ ስንጥቁን ላያሳይ ይችላልና «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብለው ከተመለሱ በኋላም ህመሙ ከቀጠለ ኤምአርአይ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ሌሎች ምልክቶችም አሉ፦ ሲሮጡ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ወዲያው መርገጥ ካልቻሉ፤ እግሩ ካበጠ፣ ከቀላና ትኩሳት ካለዎት፤ በእግር ጣት ቆሞ መነሣት ድንገት ካቃተዎት። ወጣት ሆነው ሁለቱም ተረከዞችዎ አብረው የሚያሙ፣ ጠዋት ወገብዎም ከግማሽ ሰዓት በላይ ግትር የሚል ከሆነ፣ ጉዳዩ ከሩጫ ይልቅ የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩት። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ማንኛውንም የእግር ህመም ቤት ውስጥ ለማከም አይሞክሩ። ከ8 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ ተረከዙን ካመመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመው ገና በማደግ ላይ ያለው የአጥንቱ ጫፍ ስለሆነ ይህ መመሪያ አይመለከተውም።

«አጥንት በቅሏል» ቢባሉስ?

ብዙ ሰው ራጅ ተነሥቶ ከተረከዙ ሥር ሹል አጥንት እንደበቀለ ሲነገረው ይደነግጣል። አይደንግጡ። እንዲህ ያለ ሹል አጥንት ምንም ህመም በሌላቸው ብዙ ሰዎች ላይም ይገኛል፤ ህመሙ ከዳነ በኋላም እዚያው ይኖራል። ተቆርጦ እንዲወጣልኝ ብሎ መሮጥ አያስፈልግም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ሩጫን ጨርሰው አይተዉ፤ ይቀንሱ። ቀድሞ ከሚሮጡት ግማሹን፣ በዝግታና በሜዳማ ቦታ ይሞክሩ። ሲሮጡ ህመሙ ከ3 የማይበልጥ ከሆነና የማግስቱ ጠዋት ቁጥር ካልጨመረ በዚያው ይቀጥሉ። ቁጥሩ ከጨመረ እንደገና ይቀንሱ ወይም ለጊዜው በብስክሌትና በዋና ይተኩት። ዳገትና ፍጥነት ለአሁኑ ቀርተዋል። ዳገት ስንወጣ ተረከዝ ወደ ታች ይሳባል፣ ባት ይወጠራል፣ ውስጥ እግሩም አብሮ ይለጠጣል፤ እንጦጦን በልብዎ ይያዙት እንጂ አይውጡት።

ቀጥሎ ከሩጫው ውጭ ያለውን ቀንዎን ይመርምሩ። ሰው ስለ 40 ደቂቃ ሩጫው ሲጨነቅ ቀሪዎቹን ሰዓታት ይረሳል። በባዶ እግር ሴራሚክ ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት፣ ስስ ሸበጥ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መሥራት፣ ታክሲ ተሰልፎ አንድ ሰዓት መቆም፣ ይህ ሁሉ በተረከዙ ሒሳብ ይመዘገባል። አልጋዎ ሥር ወፍራም ሶል ያለው ነጠላ ጫማ ያስቀምጡና ጠዋት ገና ሲወርዱ እሱን ይርገጡ። ቤት ውስጥ በባዶ እግር አይሂዱ።

ማንም የማያነሣው ነገር ደግሞ ስግደት ነው። ስንሰግድና ከስግደት ስንነሣ የእግር ጣቶቻችን ወደ ላይ ታጥፈው ክብደታችንን ይሸከማሉ፤ ያ እጥፋት ውስጥ እግርን በቀጥታ የሚወጥር ነው። በሰሞነ ሕማማት ብዙ የሰገደ፣ ከዚያ በፊትም ቅዳሴ ቆሞ ያስቀደሰ ሯጭ ተረከዙ ቢያመው አይገረም። በሶላት ሱጁድ ላይም ጣቶች እንዲሁ ይታጠፋሉ። ስግደቱን ይተዉ ማለቴ አይደለም፤ የቻሉትን ያህል ይስገዱና ያን ቀን ሩጫውን ይተዉት። ወፍራም ምንጣፍ ይረዳል። በጣም የሚያምዎት ከሆነ የንስሐ አባትዎን ወይም ኢማምዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ማቃለያ አይጠፋም።

ከአልጋ ሳይወርዱ

ይህ ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ የሚወስድ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው የሚተወውም ቀላል ስለሆነ ይመስለኛል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የታመመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ ያድርጉ። ጣቶችዎን በእጅዎ ይዘው ወደ ቅልጥምዎ ይሳቡ፤ በሌላው እጅ ውስጥ እግርዎን ሲነኩት ጅማቱ እንደ ክራር አውታር ተወጥሮ ካገኙት በትክክል ይዘውታል። 10 ሰከንድ ይያዙ፣ ይልቀቁ፣ 10 ጊዜ ይድገሙ። በቀን ሦስት ጊዜ ይሥሩት፤ አንደኛው የግድ ከመጀመሪያው እርምጃ በፊት መሆን አለበት። ብዙ ተቀምጠው ሲቆዩም ከመነሣትዎ በፊት ይሥሩት።

ማታ ማታ በውሃ የተሞላ ሃይላንድ ፍሪዘር ውስጥ አቀዝቅዘው መሬት ላይ ያስቀምጡና ውስጥ እግርዎን ለ5 ደቂቃ ያህል ያንከባሉበት፤ ካልሲ ያድርጉ። ይህ ህመም ያስታግሳል እንጂ አያድንም። ጨው ያለበት ሙቅ ውሃም እንዲሁ ነው፤ ደስ ካለዎት ይዘፍዝፉት።

ዋናው ሥራ

አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣን። የተጎዳ ጅማት የሚጠነክረው ሸክም ሲሸከም ነው። የዴንማርክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ባደረጉት ጥናት ተረከዝን በከባድ ሸክም የማንሣት መልመጃን ከመለጠጥ ጋር አነጻጽረው፣ በሦስት ወር ውስጥ ሸክሙን የሠሩት በግልጽ የተሻለ ለውጥ እንዳገኙ አይተዋል። በዓመቱ ሁለቱም ቡድኖች ተቀራርበዋል። ስለዚህ ጥቅሙ በፍጥነቱ ነው፤ ለሯጭ ደግሞ ፍጥነቱ ትልቅ ነገር ነው።

የሚያስፈልግዎ አንድ ደረጃ፣ አንድ ፎጣና መደገፊያ ነው። ፎጣውን ጠቅልለው ደረጃው ላይ ያድርጉ። የታመመውን እግር ጣቶች ፎጣው ላይ ያሳርፉ፤ ጣቶቹ ወደ ላይ መታጠፍ አለባቸው፣ የመልመጃው ምሥጢር እዚያ ላይ ነው። ተረከዝዎ ከደረጃው ውጭ ይንጠልጠል። ጤነኛውን እግር ከፍ ያድርጉ፤ ግድግዳውን የሚይዙት ሚዛን ለመጠበቅ ብቻ ይሁን። ሦስት እየቆጠሩ ይነሡ፣ ላይ ሁለት ይቁጠሩ፣ ሦስት እየቆጠሩ ይውረዱ። መቸኮል የለም፤ ዘገምተኛነቱ ራሱ የሕክምናው ክፍል ነው።

ሸክሙ ከ12 ጊዜ በላይ መነሣት የማያስችልዎ ይሁን። ሦስት ዙር ይሥሩ፤ በዙሮቹ መካከል ሁለት ደቂቃ ያህል ይረፉ። በየቀኑ ሳይሆን አንድ ቀን ዘለው አንድ ቀን ይሥሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የጀርባ ቦርሳ ይዘው መጻሕፍት ወይም ውሃ የሞሉ ሃይላንዶች ይጨምሩበት፤ አሁን 10 ጊዜ ብቻ የሚያስነሣ ክብደት ይሁን፣ ዙሩ አራት። ከሌላ ሁለት ሳምንት በኋላ ክብደቱን ጨምረው 8 ጊዜ፣ አምስት ዙር። በአንድ እግር መነሣት ካቃተዎት በሁለቱም ይጀምሩ፤ አያፍሩ፣ ብዙ ሯጭ ባቱ የጠነከረ ይመስለዋል እንጂ በአንድ እግር ቀስ ብሎ 12 ጊዜ መነሣት ያቅተዋል።

ሲሠሩ ትንሽ ያምዎታል። ይህ የተለመደ ነው፤ አሁንም ዳኛው የማግስቱ ጠዋት ነው። ቁጥሩ ካልጨመረ ሸክሙ ልክ ነበር። ሁለት ጠዋት በተከታታይ ከጨመረ ክብደቱን ይቀንሱ፤ መልመጃውን ግን አይተዉ። ለውጥ የሚታየው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብለው ቢጥሉት ገና ሳይጀምሩ ጣሉት ማለት ነው። ሁሉንም 12 ሳምንት ይያዙት።

ወደ ሩጫው ሲመለሱ

ሩጫውን ጨርሰው ለማቆም ከተገደዱ የመመለሻው በር የእግር ጉዞ ነው። 30 ደቂቃ ጠንከር ብለው ተራምደው የማግስቱ ጠዋት ካልባሰ ዝግጁ ነዎት። አንድ ደቂቃ ሮጠው ሁለት ደቂቃ ይራመዱ፣ ስምንት ጊዜ ይድገሙት፤ በማግስቱ ያርፉ። ሁለት ጊዜ በሰላም ካለፈ ሁለት ደቂቃ ሩጫ በአንድ ደቂቃ እርምጃ፣ ከዚያ አራት በአንድ፣ እንዲህ እያሉ ያለ ማቋረጥ 20 ደቂቃ እስኪሮጡ ይድረሱ። ከዚያ በኋላ በአንድ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። መጀመሪያ ርዝመቱ፣ ቀጥሎ ፍጥነቱ፣ መጨረሻ ዳገቱ። አንድ ቀን የሚሮጡት ርቀት ባለፈው አንድ ወር ከሮጡት ረጅሙ ከአንድ አሥረኛ በላይ አይብለጥ። ቅዳሜ ከጓደኞች ጋር በወሬ ተጎትቶ የሚጨመረው 5 ኪሎ ሜትር የብዙ ተረከዝ ጠላት ነው።

መሬቱንም ይቀያይሩ። የእኛ አገር አትሌቶች ሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ እንጦጦ ጫካ ውስጥ፣ ሰንዳፋ ኮሮኮንች ላይ እየተዘዋወሩ ነው የሚሠሩት፤ አስፋልትን በተለየ ቀን፣ በመጠን ይወስዱታል። ከተማ ውስጥ ሰፍቶ በተሠራው የእግረኛ መንገድ በየቀኑ የሚሮጥ ሰው ግን ያንኑ ደረቅ ወለል በዚያው እርምጃ ሺህ ጊዜ ይረግጠዋል። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን አፈር ይርገጡ፤ ኮብልስቶን ላይ ግን አይሩጡ።

ስለ ጫማ

ጫማ ሲገዙ ከሰዓት በኋላ ይሂዱ፤ እግር ሲውል ትንሽ ያብጣል። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ይኑር። ጫማውን በሁለት እጅ ሲያጥፉት ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ይታጠፍ፤ መሐሉ ላይ እንደ ጨርቅ የሚታጠፍ ከሆነ ይተዉት። ለጊዜው ተረከዙ ከፊቱ ከፍ ያለ፣ 8 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ልዩነት ያለው ጫማ ባትንና ተረከዝን ያሳርፋል። ሳልባጅ ሲገዙ ላዩ አዲስ መስሎ አያታልልዎ፤ የውስጡ ፎም ሳይለበስም በዕድሜ ይደርቃል፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት የማይገባ ከሆነ ድንጋይ ነው። ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር የሮጠ ጫማም ጊዜው አብቅቷል። ከፋርማሲ የሚገዛ የተረከዝ ትራስ ወይም ዝግጁ የውስጥ ሶል መሞከር ይበቃል፤ በውድ ዋጋ በልክ የሚሠራው ከእሱ እምብዛም አይበልጥም።

በባዶ እግር መሮጥ ያድናል የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ አበበ ቢቂላን ይጠቅስልዎታል። አበበ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉ እውነት ነው፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ከሮሙ ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጥኖ ገብቷል። ደግሞም እሱ ከልጅነቱ በባዶ እግሩ ያደገ ሰው ነበር። ከሕፃንነቱ ጫማ ያልተለየው እግር በታመመ ጊዜ ድንገት ቢራቆት የሚያተርፈው ህመም ነው።

መድኃኒት፣ መርፌና ወጌሻ

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀናት ሊያስታግሱ ይችላሉ፤ ጅማቱን አያጠነክሩም። ከሩጫ በፊት ግን አይውሰዱ፤ ዳኛዎን ያደነዝዙብዎታል፣ ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይም ኩላሊትን ይጎዳሉ። ጨጓራ ያለበት ሰው ጨርሶ ሐኪም ሳያማክር አይንካቸው።

የስቴሮይድ መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ተአምር ይመስላል። ከዚያ በኋላ ህመሙ ሊመለስ ይችላል፤ ጅማቱ የመበጠስ፣ የተረከዙ ስብም የመሳሳት አደጋ አለው። እኔ ብሆን ከሦስት ወር ሥራ በፊት አልወጋም።

ብዙ ሯጭ የማያውቀው አንድ ነገር፦ ለተቅማጥና ለሽንት ቧንቧ በብዛት የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን ጅማትን ሊጎዳ፣ አልፎ አልፎም አኪለስን ሊያስበጥስ ይችላል። ሲታዘዝልዎ ሯጭ መሆንዎን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ እየወሰዱ ሳለ ተረከዝዎን ካመመዎት ሩጫውን አቁመው ወዲያው ያሳውቁት።

ወጌሻ ባትዎን ቢያሽልዎት ደግ ነው፤ የጠጠረ ባት ውስጥ እግርንም ይጎትታል። የሚያመውን የተረከዝ ቦታ በኃይል ሲጫን ግን እምቢ ይበሉ፤ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል ብለው የጠረጠሩ ከሆነማ ጭራሽ አያስነኩት።

በጾም ሰሞን ሳይበሉ ጠዋት ሮጠው እስከ ቀትር በኋላ የሚቆዩ ሰዎች ርቀቱን ይቀንሱ፤ የሚወጣው ጉልበት ከሚገባው ሲበልጥ ከሚጎዱት አንዱ አጥንት ነው። ሩጫ ከጀመረች ወዲህ የወር አበባዋ የቀረባት ሴት የእግር ህመሟን እንደ ቀላል አትይ፤ ሐኪም ትይ።

ከብዙ ሰው ተረከዝ ህመሙ የሚለቀው በወራት እንጂ በቀናት አይደለም፤ ያለ ቀዶ ሕክምና ግን አብዛኛው ሰው በዓመት ውስጥ ይድናል። 12 ሳምንት በትክክል ሠርተው የጠዋቱ ቁጥር ፈቀቅ ካላለ መዝገብዎን ይዘው ፊዚዮቴራፒስት ወይም የአጥንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ለኅዳሩ ውድድር ሦስት ሳምንት ቀርቶ ጠዋት ጠዋት ከ5 በላይ የሚያምዎት ከሆነ ግን ዘንድሮ አይሮጡም። ግማሽ ሰዓት መራመድ በማግስቱ የማያባብስብዎ ከሆነ ርቀቱን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ይለማመዱና ቲሸርቱን ለብሰው ይራመዱት፤ የሚያባብስብዎ ከሆነ መስቀል አደባባይ ዳር ቆመው ለጓደኞችዎ ያጨብጭቡ፣ መልመጃውንም ዛሬ ማታ ይጀምሩ።